ዳረጎት ወይስ የዘለቄታ አበል? በቦርድ ለተሰናበተ ቁስለኛ ወታደር ቤተሰብ የተሰጠ የሕግ ባለሙያ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። «ወንድሜ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነበር። በኅዳር 2014 ግዳጅ ላይ እያለ በፈንጂ ቆስሎ ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከረጅም ሕክምና በኋላ በ2016 በሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ተሰናበተ። አገልግሎቱ 8 ዓመት ነው። የቦርዱ ወረቀት ጉዳቱን 35 በመቶ ይለዋል፤ ጆሮው በደንብ እንደማይሰማና አልፎ አልፎ ራሱን ስቶ እንደሚወድቅ ግን አንድም ቃል የለበትም። አሁን ‹ሌላ ሥራ መሥራት ይችላል› ተብሎ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ እንደሚሰጠው ተነግሮናል። ፈርመህ ውሰድ ሲሉት እምቢ ብሎ ተመለሰ። እሱ ተስፋ ቆርጦ ‹ተዉት› ይላል፤ እኔ ግን መተው አልቻልኩም። መቶኛው እንዲጨመር የት አቤት ልበል? ከአዘዞ፣ ጎንደር።»

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ወንድምዎ ይህን ሁሉ መከራ ተሸክመው «ተዉት» ማለታቸው ከምንም በላይ አሳዝኖኛል፤ ጎንደር ውስጥ በጡረታና በሥራ ላይ ጉዳት ጉዳዮች ጥብቅና በቆምኩባቸው ዓመታት ሙሉ መብት እያላቸው በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ባዶ እጃቸውን የቀሩ ቁስለኞች አይቻለሁና። ዋናውን ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎ። እርስዎ የጠየቁኝ መቶኛው ስለሚጨመርበት መንገድ ነው። እኔ ግን ወንድምዎን ይበልጥ እየጎዳቸው ያለው 35 ከሚለው ቁጥር ይልቅ «ሌላ ሥራ መሥራት ይችላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አቤቱታዎ በቁጥሩ ላይ ብቻ ካተኮረ ቢረቱ እንኳን የሚያገኙት ትንሽ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ሕጉን በጥቂቱ ልግለጽ። ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው በአዋጅ ቁጥር 907/2007 የተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ነው። አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የወጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ስሌቱን የማሳይዎት በቀድሞው ነው። የመከላከያ ሠራዊትና የፖሊስ አባላት መብት የሚገኘው በዚሁ አዋጅ ውስጥ ነው፤ «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለው ርዕስ ሲቪሉን ብቻ የሚመለከት መስሏቸው አዋጁን ሳያገላብጡ የቀሩ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው ይህን ማስታወሴ። ከወታደሩ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መንግሥት 25 በመቶ ያክልበታል፤ ለሲቪል ሠራተኛ መንግሥት የሚያዋጣው 11 በመቶ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ የሚጠይቁት ገንዘብ በየወሩ ከኪሳቸው የተዋጣበትና መንግሥትም በስማቸው ያዋጣበት ዋስትና እንጂ የማንም ቸርነት አይደለም። ቢሮ ሲገቡም በዚህ ስሜት ይግቡ።

በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አዋጁ ሁለት የተለያዩ ክፍያዎችን ይደነግጋል። የመጀመሪያው የጉዳት ጡረታ አበል ነው፤ ይኸውም ቢያንስ 10 በመቶ ጉዳት ደርሶበት በዚሁ ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት ለማይችል ሰው በየወሩ፣ እስከ ዕድሜ ልኩ የሚከፈል ሲሆን፣ መጠኑ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ያገኘው የነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶ ነው። ሁለተኛው የጉዳት ዳረጎት ነው፤ ይህ ደግሞ ቢያንስ 10 በመቶ ጉዳት ደርሶበት የመሥራት ችሎታውን ላላጣ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው። ዳረጎቱ የሚሰላው የደመወዙን 47 በመቶ በ60 ወር በማባዛትና ውጤቱን በጉዳቱ መቶኛ በመምታት ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲያመች ወንድምዎ በቆሰሉበት ወር ደመወዛቸው 4,000 ብር ነበር እንበል። 47 በመቶው 1,880 ብር ይሆናል። ዳረጎቱ 1,880 ሲባዛ በ60፣ ከዚያም በ35 በመቶ ሲመታ 39,480 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የ21 ወር አበል ማለት ነው። መቶኛውን በብዙ ልፋት ከ35 ወደ 50 ቢያሳድጉት 56,400 ብር ይደርሳል፤ እሱም የ30 ወር አበል ነው። የወር አበሉ ግን በመቶኛው ከፍና ዝቅ አይልም፤ ጉዳቱ 35 ቢባልም 60 ቢባልም ያው 47 በመቶ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዘመኑ ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው አበል የሚቀበልባቸው አሥርት ዓመታት በፊቱ አሉ። ከዚህም በላይ የወር አበል ያለው ሰው ቢሞት ለትዳር ጓደኛው የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጁ 20 በመቶ ይተላለፋል፤ እንዲሁም አበሉ መንግሥት በየጊዜው በሚያደርገው የጡረታ ማስተካከያ ውስጥ ይገባል። ዳረጎት ግን ዛሬ ተቆጥሮ ዛሬ ያልቃል። ብዙ ቤተሰብ ጠቀም ያለ ብር በአንድ ጊዜ ሲያይ ይህን ሳያመዛዝን ይፈርማል፤ ወንድምዎ ሳይፈርሙ መመለሳቸው በቁጣ ቢሆንም እንኳን ጠቅሟቸዋል።

እንግዲህ ክርክሩ መቆም ያለበት «መሥራት ይችላል» በሚለው ላይ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። በወንድምዎ ጉዳይ ያለውን ተቃርኖ ልብ ይበሉ። አንዱ ወረቀት በጉዳታቸው ምክንያት ለውትድርና ብቁ አይደሉም ብሎ ያሰናብታቸዋል፤ ሌላው ወረቀት ደግሞ የመሥራት ችሎታቸውን አላጡም ብሎ የወር አበል ይነፍጋቸዋል። መሥራት የሚችሉ ከሆነ በሠራዊቱ ውስጥ ከአቅማቸው ጋር በሚመጣጠን የቢሮ፣ የመጋዘን ወይም የመገናኛ ሥራ ተመድበው ደመወዛቸው መቀጠል ነበረበት፤ ዳረጎትም ሥራውን ይዞ ለቀጠለ ጉዳተኛ የሚስማማ ክፍያ ነው። በጉዳቱ ከተሰናበቱ ግን ጉዳቱ ሥራቸውን አሳጥቷቸዋልና የወር አበሉ ሊከበርላቸው ይገባል። የሕጉን ቃል እኔ የማነበው እንዲህ ነው። በእርግጥ በሌላው ወገን የሚሰማው ክርክር «ሕጉ ማንኛውንም ሥራ መሥራት አለመቻልን ነው የሚለው» የሚል ነው፤ ለዚህም መዘጋጀት አለብዎት። የ8 ዓመት ልምዳቸው ጠመንጃ መያዝ የሆነ፣ አንድ እግር የሌላቸው፣ ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ፣ በየትኛውም ሰዓት ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ሰው ከአዘዞ ተነሥተው የትኛውን መሥሪያ ቤት ሄደው የትኛውን ሥራ እንደሚሠሩ ይህን ክርክር የሚያቀርበው አካል በዝርዝር እንዲያሳይ በጽሑፍ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ጆሯቸውና መውደቃቸው ከወረቀቱ መቅረቱ ምን ያህል እንደጎዳቸው ይታይዎታል። ቦርዱ ያየው እግሩን ብቻ ነው። እግሩ ብቻውን ሲታይ ደግሞ «ሰው ሠራሽ እግር ይደረግለታል፣ ተቀምጦ ይሠራል» ለማለት ያመቻል። ይህ በፈንጂ በተጎዱ ሰዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ችግር ነው፤ ቁስለኛው ሲመጣ ሐኪሙ የሚረባረበው ደሙን ለማቆምና ሕይወቱን ለማትረፍ ስለሆነ፣ የፍንዳታው ግፊት በጆሮ ታምቡርና በአንጎል ላይ ያደረሰው ጉዳት ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚመጣ የሚጥል ሕመም ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊጀምር እንደሚችል ሐኪሞች ያውቁታል። ሌሊት እየባነኑ መነሣት፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ መርበድበድ፣ ከሰው መሸሽ ካለም እሱም ስሙና ሕክምናው የታወቀ ሕመም ነው፤ ወንድምዎ አፍረው ደብቀውት ሊሆን ስለሚችል በእርጋታ ይጠይቋቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አዲስ የሕክምና ማስረጃ ማሰባሰብ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብዎ ነው። የጆሮ ሐኪም የመስማት ምርመራ አድርጎ ውጤቱን ለሁለቱም ጆሮ ለየብቻ በዲሲቤል እንዲጽፍ፣ የነርቭ ሐኪም ስለ መውደቃቸው እንዲመረምራቸው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ስለ አካሄዳቸው እንዲጽፍ ይጠይቁ። ከባለሙያዎቹ የሚያስፈልግዎት «ታማሚ ነው፣ ትብብር ይደረግለት» የሚል ደብዳቤ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቦርድ ፊት ምንም አይመዝንም። የሚመዝነው ሰውየው ምን ማድረግ እንደማይችል የሚናገር ጽሑፍ ነው፤ ስንት ሜትር ከተራመዱ በኋላ እንደሚያርፉ፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚወድቁ፣ በየትኛው የድምፅ መጠን ንግግር እንደማይሰሙ፣ ሰው ሠራሽ እግሩ የተቆረጠውን ቦታ እያቆሰለ በሳምንት ስንት ቀን ሳያደርጉት እንደሚውሉ። የጎንደርን ዳገትና ኮብልስቶን በአንድ እግር ለመውጣት የሞከረ ሰው ይህ ለምን እንደሚጻፍ አይጠፋውም። እርስዎም ቤት ውስጥ ደብተር ይያዙና የወደቁበትን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንዳየ ጭምር ይመዝግቡ። የሁለት ወር መዝገብ ለነርቭ ሐኪሙ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይጠቅመዋል። የሲቪል ሆስፒታል ማስረጃ የቦርዱን ውሳኔ በራሱ አይሽርም፤ ነገር ግን ቦርዱ ያላየው ጉዳት መኖሩን ስለሚያሳይ እንደገና እንዲመረመሩ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ መሆኑን የሚያሳየውን ሰነድ ማጥበቅ ነው። ይህ ነጥብ በወንድምዎ ጉዳይ እስካሁን አከራካሪ አይመስልም፣ ዳረጎት መፈቀዱ ራሱ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ መወሰኑን ያሳያልና። ሆኖም አቤቱታ ሲነሣ ፋይሉ ከላይ እስከ ታች እንደገና ይገላበጣል። አገልግሎታቸው 8 ዓመት ብቻ መሆኑ ደግሞ ይህን ነጥብ ከባድ ያደርገዋል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አዋጁ ዝቅተኛ የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም፤ ትናንት የተቀጠረም ቢጎዳ መብት አለው። ጉዳዩ «የጤና ጉድለት» ተብሎ ከተመደበ ግን የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት 10 ዓመት ያስፈልጋል። በተለይ አዲሱን የመውደቅ ሕመም «ከግዳጅ ጋር ያልተያያዘ ሕመም ነው» እንዳይሉት፣ የነርቭ ሐኪሙ ከፍንዳታው ጋር ያለውን ግንኙነት በግልጽ እንዲጽፍ ያስፈልጋል። ከክፍላቸው የተጻፈ የጉዳት ሪፖርት፣ መጀመሪያ የታከሙበት የሜዳ ሕክምና ካርድ፣ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የተላኩበት ወረቀት፣ የቦርዱ ውሳኔ፣ የስንብት ደብዳቤና በቆሰሉበት ወር የነበረው ደመወዝ ማስረጃ በእጅዎ መኖር አለባቸው። የጠፋ ካለ በቃል አይጠይቁ። በማመልከቻ ይጠይቁና ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። «ፋይሉ የለም» የሚል መልስ ሲሰጥዎትም ይህንኑ በደብዳቤ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። አንድ ደንበኛዬ ለዓመት ያህል «ፋይልህ አልመጣም» እየተባለ ሲመላለስ ቆይቶ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ስጡኝ ባለ በሳምንቱ ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ወጥቷል።

አቤቱታው የሚቀርብበት ቦታ እንደ ነጥቡ ይለያያል፤ ሰው የሚጉላላውም አንዱን ጥያቄ ለሌላው ቢሮ እያቀረበ ነው። የጉዳቱ መጠን፣ ያልታዩት ጉዳቶችና የመሥራት ችሎታቸው ጉዳይ የሕክምና ጥያቄ ስለሆነ፣ ወንድምዎ በነበሩበት የሠራዊቱ ክፍል የሰው ኃይል አስተዳደር በኩል እንደገና በቦርድ እንዲታዩ መጠየቅ አለበት። አበል ወይስ ዳረጎት፣ ደመወዙስ ስንት ተብሎ ይያዝ የሚለው ግን የጡረታ መብትን የሚወስነው መሥሪያ ቤት፣ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ፣ ውሳኔ ነው። ለአስተዳደሩ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በዚሁ ማመልከቻም በቦርድ እንደገና ለመታየት መጠየቃቸውን ገልጸው ማስረጃውን ያያይዙ። ለዚህ የሚሰጥዎት መልስ ምክንያቱን የያዘ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጡ ያስገድዳል። በመልሱ ካልተስማሙ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። ጉባኤው በፍሬ ነገር ላይ፣ ማለትም በማስረጃ በሚረጋገጠው እውነታ ላይ፣ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ሲሆን፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የሚባል ከሆነ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይቀርባል። በቀጥታ ጎንደር ላይ ፍርድ ቤት ክስ መክፈት ሥልጣን የለንም ተብሎ የሚመለስ መዝገብ ከማብዛት አያልፍም። ማስረጃው በፍሬ ነገር ደረጃ ተሟልቶ መቅረብ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ሰበር ችሎት የሐኪም ወረቀት አይመዝንም።

ቀኑን አደራ እልዎታለሁ። ይግባኝም፣ ውዝፍ ክፍያም የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ መብቱ የሚቀርበት ገደብ፣ አላቸው። ውሳኔው በቃል ከተነገራችሁና በጽሑፍ ካልደረሳችሁ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በእጃችሁ የገባበትን ቀንም ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ቦርዱን እስክትጠብቁ የይግባኙ ቀን እንዳያልፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዱ። ዳረጎቱን በተመለከተ፣ ቤተሰቡ ካልተቸገረ አለመቀበሉን እመርጣለሁ። ችግሩ ካስገደዳችሁ ግን «በውሳኔው ባለመስማማት፣ የይግባኝ መብቴን ጠብቄ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል ከፊርማው በላይ ይጻፍበት፤ አይቻልም ከተባለም በዚያው ቀን ይህንኑ የሚገልጽ ማመልከቻ አስገቡ።

አስተዳደራዊ በደል ሲገጥማችሁ፣ ማለትም ፋይል ሲታገት ወይም መልስ ሲከለከል፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ አቤቱታ ይቀበላል። የጠበቃ አቅም ከሌላችሁ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው። ለአማላጅና ለደላላ የምትከፍሉት አንዳች ነገር የለም፤ «ቦርድ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚላችሁን ሰው ከደጃችሁ መልሱት።

ስለ ሕጉ ፍትሐዊነትም ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። 47 በመቶው የሚሰላው ከመነሻው ደመወዝ ላይ ብቻ ስለሆነ ወታደሩን ከነቤተሰቡ ያኖሩት የነበሩት የግዳጅ አበሎችና ቀለብ ከስሌቱ ውጪ ይቀራሉ። ደመወዙም ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ የነበረው ሆኖ ይቆማል፤ ጓደኞቹ ሲሾሙና የደመወዝ ጭማሪ ሲያገኙ እሱ የሚጠብቀው የጡረታ ማስተካከያን ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ የማይዋጥልኝ ግን የማስረጃው ሸክም ነው። ሪፖርቱን የሚጽፈው ክፍሉ፣ ካርዱን የሚያስቀምጠው ሆስፒታሉ፣ ደመወዙን የሚያውቀው ፋይናንሱ ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ሲጎድል መብቱን የሚያጣው ክራንች ይዞ የሚመላለሰው ቁስለኛ ነው። በ1983 የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን መዝገቡም አብሮ ተበትኖ፣ በዚህ በከተማችን አካላቸውን ለመጎዳታቸው ሰውነታቸው ምስክር ሆኖ ሳለ የሚያስረዳ ወረቀት አጥተው ያረጁ አባቶችን አውቃለሁ። የዛሬዎቹ ቁስለኞች በዚያው መንገድ እንዲያልፉ መተው የለባቸውም፤ መሥሪያ ቤቶቹ ሰነዱን እርስ በርሳቸው የሚላላኩበት ግዴታ በመመሪያ ቢደነገግ የአብዛኛው ሰው እንግልት በግማሽ ይቀንስ ነበር።

የመጨረሻው ነገር ስለ ወንድምዎ «ተዉት» ነው። በየቢሮው ቆሞ መጠበቁ፣ ደጋግሞ ቁስልን ማሳየቱ፣ ጆሮ በደንብ ሳይሰማ በመስኮት በኩል መጠየቁ ያሰለቻል፤ አይፍረዱባቸው፣ አያስገድዷቸውም። እሳቸው ግድ መገኘት ያለባቸው ሐኪም ዘንድና ቦርድ ፊት ብቻ ነው። የቀረውን እርስዎ ሊሠሩላቸው ይችላሉ። ሰነድ በሚያረጋግጠው አካል ፊት ቀርበው ውክልና ይስጡዎት፤ በውክልናው ላይ ማስረጃ መጠየቅ፣ ማመልከቻ ማስገባት፣ ውሳኔ በጽሑፍ መቀበልና ይግባኝ ማቅረብ የሚሉት አራት ነገሮች ተለይተው ይጻፉ፤ ገንዘብ መቀበልን ግን ለራሳቸው ይተዉላቸው። በዚህ ሳምንት ውክልናውን ጨርሰው ለአስተዳደሩ «ውሳኔውን በጽሑፍ ስጡኝ» የሚለውን ማመልከቻ ያስገቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የጆሮና የነርቭ ቀጠሮውን ያስይዙ። ጽሑፉ በእጅዎ እንደገባ ከቦርዱ ወረቀት ቅጂ ጋር ይላኩልኝ፤ የይግባኙን ማመልከቻ አብረን እናዘጋጀዋለን።